አፓርትመንት ፍለጋ ላይ የሚደረገው ክሬዲት ቼክ ስኮሬን እየገደለው ነው ወይ? ከሲያትል ለጻፈችልን እህት መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት እህት ከባለቤቷ ጋ ከሲያትል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ እየተዛወሩ ነው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ 4 አፓርትመንት ላይ አፕላይ አድርገዋል፣ ክሬዲት ካርማ በሚባለው አፕ ላይ የምታየው ክሬዲት ስኮር (ብድርና ክፍያ ላይ ያላት የታማኝነት ነጥብ) ከ712 ወደ 671 ወርዶባታል። ባለቤቷ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና 5 ወሩ ስለሆነ ክሬዲት የሚባል ነገር የለውም፣ አንዱ አፓርትመንት "ኮሳይነር አምጡ"፣ ማለትም አብሯችሁ ፈርሞ ዋስ የሚሆን ሰው አምጡ፣ ብሏቸዋል፣ ከዛ ላይ ደሞ እንደገቡ መኪና መግዛት አስበዋል። በመሃል ደሞ ለአውሮፕላን ትኬትና ለእቃ ማጓጓዣ 3,000 ዶላር ሊሚት ባላት ካርድ ላይ 2,100 እንዳወጣች ጽፋለች። "አንድ ቤት ባየን ቁጥር ክሬዲቴን እየገደልኩት ነው ወይ? ፍለጋውን ላቁም?" ነው የምትለው።

እህቴ፣ ፍለጋውን አታቁሚ። እኔ ሊዚንግ ኦፊስ (የአፓርትመንት ማከራያ ክፍል) ውስጥ 6 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ከዛ ወዲህ ደሞ እዚሁ ሜሪላንድ ቤት የሚከራዩና የሚገዙ ሰዎችን ነው የማማክረው፣ ይሄ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣልኛል፣ የሚጠይቁኝም ልክ እንዳንቺ እንቅልፍ አጥተው ነው። ከነዛ 41 ነጥቦች ውስጥ የአፓርትመንቶቹ ድርሻ ትንሽ ነው፣ ምናልባትም ጭራሽ የሉበትም። ስኮርሽን ያወረደው ጽሁፍሽ መሃል ጣል ያደረግሻት የካርዷ ነገር ናት፣ እሷ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቼኩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ፣ ምክንያቱም እሱን ካላወቅሽ በየሊዚንግ ኦፊሱ የሚነግሩሽን ዝም ብለሽ ማመን ነው የሚቀርሽ።

ክሬዲት ቼክ ሁለት አይነት ነው፣ ሃርድና ሶፍት። ሶፍት የሚባለው ክሬዲት ሪፖርትሽ (የብድርና የክፍያ ታሪክሽ የተጻፈበት መዝገብ) ታየ ማለት ብቻ ነው፣ ስኮር ላይ አንድም ነጥብ አይነካም፣ ሌላ አበዳሪ ሪፖርትሽን ሲያወጣም አይታየውም፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምታይው። የራስሽን ስኮር ስታይ፣ ባንክ "ፕሪ አፕሩቭድ ነሽ" ብሎ ወረቀት ሲልክልሽ፣ እነዚህ ሁሉ ሶፍት ናቸው። ስለዚህ "ክሬዲቴን በየጊዜው ካየሁት ይወርዳል" የሚባለው ወሬ ውሸት ነው፣ በየቀኑም ብታይው ምንም አይሆንም። ሃርድ የሚባለው ደሞ አንቺ ብድር ወይም አገልግሎት ጠይቀሽ በፈቃድሽ ሪፖርትሽ ሲወጣ የሚመዘገበው ነው፣ እሱ ሪፖርቱ ላይ 2 ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ የሚባለው ስኮር ግን የሚቆጥረው የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው።

አፓርትመንት ታዲያ የትኛው ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው። የሚወስነው ላንድሎርዱ (አከራዩ) የሚጠቀምበት ድርጅት ነው። ለምሳሌ ትራንስዩኒየን (የሰውን የክሬዲት ፋይል ከሚይዙት ሦስት ቢሮዎች አንዱ) ስማርትሙቭ የሚባል የተከራይ ማጣሪያ አለው፣ እሱ ሶፍት ነው የሚያደርገው፣ ተከራዩ ራሱ ኦንላይን ገብቶ ፈቅዶ ሪፖርቱ ለአከራዩ ይላካል፣ ስኮር አይነካም። አሁን አሁን ብዙዎቹ ወደዚህ እየሄዱ ነው፣ በተለይ ቤዝመንት ወይም ኮንዶ የሚያከራዩ ግለሰቦች። አንዳንድ ትልልቅ የአፓርትመንት ግቢዎች ግን አሁንም ሃርድ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፊርማሽን ከማስቀመጥሽና ብር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ "ቼኩ ሃርድ ነው ሶፍት? ከየትኛው ቢሮ ነው የምታወጡት?" በያቸው። ሊዚንግ ኤጀንቷ ላታውቅ ትችላለች፣ እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር፣ ማናጀሯን እንድትጠይቅልሽ አድርጊ። አታፍሪ። እኛ ሰዎች እንዲህ አይነት ቦታ ላይ መጠየቅ እንደ ጭቅጭቅ ይመስለንና አንገታችንን ደፍተን እንፈርማለን፣ እነሱ ግን በቀን አስር ሰው ይጠይቃቸዋል፣ ምንም አይመስላቸውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፋይኮ ራሱ የሚለው ለአብዛኛው ሰው አንድ ሃርድ ቼክ የሚቀንሰው ከ5 ነጥብ በታች ነው። ስኮሩ ከ300 እስከ 850 እንደሆነ አስቢው። ፋይኮ ስኮርሽን ሲሰራ 35 ፐርሰንቱ ክፍያሽን በሰዓቱ መክፈልሽ ነው፣ 30 ፐርሰንቱ ያለብሽ እዳ ነው፣ 15ቱ የክሬዲትሽ እድሜ፣ 10ሩ ያሉሽ የክሬዲት አይነቶች፣ የቀረው 10 ደሞ አዲስ ክሬዲት የሚባለው ነው። ቼኩ ያለው እዚህ የመጨረሻው ውስጥ ነው፣ እሱንም ከአዳዲስ ከተከፈቱ አካውንቶች ጋ ተካፍሎ። በጣም የከፋውን ብናስበው እንኳ፣ አራቱም አፓርትመንቶች ሃርድ ቢያደርጉ፣ አራቱም አንድ ቢሮ ጋ ቢሄዱ፣ ለአብዛኛው ሰው ሃያ ነጥብ አይሞላም። ክሬዲቱ ገና የሆነ ሰው ላይ፣ ማለትም አንድ ካርድ ብቻ ያለው፣ ዓመት ያልሞላው፣ ትንሽ ጠንከር ሊል ይችላል፣ እሱን አልክድም። ግን 41 የሚያክል ቁጥር በቼክ ብቻ አይመጣም። አራቱ ደሞ አንድ ቢሮ ጋ የመሄዳቸው እድል ትንሽ ነው፣ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን የየራሳቸው ፋይል ነው ያላቸው፣ አንዱ ጋ የተመዘገበ ቼክ ሌላው ጋ የለም።

እዚህ ጋ አንድ በየቡና ቤቱ የምሰማው ነገር አለ፣ "በ45 ቀን ውስጥ የፈለግሽውን ያህል አፕላይ ብታደርጊ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው" የሚባለው። ይሄ እውነት ነው ግን ለአፓርትመንት አይደለም። ፋይኮ እንደ አንድ የሚቆጥረው የቤት ብድር፣ የመኪና ብድርና የተማሪ ብድር ፍለጋ ነው፣ እነሱን በአዲሶቹ ስሪቶች በ45 ቀን በድሮዎቹ ደሞ በ14 ቀን ውስጥ ከሆኑ ይጠቀልላቸዋል። የአፓርትመንት ሃርድ ቼክ ግን እዛ ውስጥ የለበትም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ቫንቴጅ ስኮር የሚባለው ሌላው ስኮር ነው ከሱ የሚለየው፣ እሱ በ14 ቀን ውስጥ የተደረገ ሃርድ ቼክ ምንም አይነት ይሁን እንደ አንድ ያየዋል።

ይሄን ለምን አነሳሁት? ክሬዲት ካርማ ላይ የምታይው ቁጥር ፋይኮ አይደለም፣ ቫንቴጅ ስኮር 3.0 ነው፣ እሱም ከኢኩዊፋክስና ከትራንስዩኒየን ብቻ፣ ኤክስፒሪያን የለበትም። ስለዚህ አንቺ እያየሽ የደነገጥሽበት ስኮር አራቱን ቼኮች በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሆኑ ቢበዛ እንደ ሁለት ነው የሚያያቸው። ሁለት ቼክ 41 ነጥብ አያወርድም እህቴ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነብሽ። ደሞ ላንድሎርዱ የሚያየው ቁጥር ካንቺ ስልክ ላይ ካለው ሊለይ እንደሚችል እወቂ፣ አንዳንዱ ፋይኮ ያያል፣ አንዳንዱ ቫንቴጅ፣ ስማርትሙቭ ደሞ ለተከራይ ብቻ የተሰራ የራሱ ስኮር አለው። "ስልኬ ላይ 700 ነበር እነሱ 680 አሉኝ፣ አጭበረበሩኝ" ብለሽ አትጣይ።

እሺ፣ የካርዷ ነገር። ሊሚትሽ 3,000 ነው፣ ያለብሽ 2,100፣ ይሄ 70 ፐርሰንት ነው። ድሮ ስትጠቀሚ ምናልባት 300፣ 400 ነበር የምታደርጊው፣ ያኔ 10 ፐርሰንት አካባቢ ነበርሽ። በአንድ ወር ከ10 ወደ 70 ስትዘይ ስኮሩ "ይቺ ሰው ገንዘብ አጥሯታል" ብሎ ነው የሚያነበው፣ እቃ እያጓጓዝሽ እንደሆነ አያውቅም። አስታውሺ፣ እዳ 30 ፐርሰንቱን ነው የያዘው። አርባ ነጥብ የሚያወርደው ይሄ ነው፣ እኔ ቢሮ ከሚመጡት ሰዎች "አፓርትመንቱ ክሬዲቴን ገደለው" ብለው ሪፖርቱን ስንከፍተው በጣም ብዙ ጊዜ የምናገኘው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ቤት የሚቀይረው ወጪ በሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉና ቼኩ ያልሰራው ወንጀል ይለጠፍበታል።

ደስ የሚለው፣ ይሄ ቶሎ ይስተካከላል። ፋይኮ 8ም ሆነ ክሬዲት ካርማ የሚያሳይሽ ቫንቴጅ 3.0 የሚያዩት የአሁኑን ባላንስ ነው፣ ያለፈውን ወር አይቆጥሩብሽም። ማለትም 2,100ውን ወደ 300 ካወረድሽው በሚቀጥለው ሪፖርት ስኮሩ ይመለሳል። ግን ቀኑን እወቂ። ብዙ ሰው የሚከፍለው ዱ ዴት በሚባለው የመክፈያ ቀነ ገደብ ነው፣ እሱ ወለድ እንዳይመጣብሽ ይጠቅማል፣ ካርድ ድርጅቱ ግን ባላንስሽን ለቢሮዎቹ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ ሂሳብ) በሚዘጋበት ቀን ነው፣ እሱ ደሞ ከዱ ዴቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ነው። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሦስት አራት ቀን በፊት ክፈይ። ሙሉውን መክፈል ካልቻልሽ ቢያንስ ከ900 በታች አውርጂው፣ 30 ፐርሰንት ማለት ነው፣ ከቻልሽ ከ300 በታች ይሁን። ይሄን ካደረግሽ በኋላ ሌሎቹን አፓርትመንቶች አፕላይ አድርጊ። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ከቻላችሁ ከማንኛውም ምክር በላይ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እዚህ አገር ባልና ሚስት አንድ ክሬዲት የላቸውም፣ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ የሚፈርም አዋቂ ሁሉ ለየብቻው ነው የሚታየው። እሱ 5 ወሩ ነው፣ ፋይኮ ስኮር ለመስጠት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ አካውንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የሱ ሪፖርት ሲወጣ ወይ ባዶ ነው ወይ "ስኮር የለም" ይላል። ባዶ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፣ ግን ኮምፒዩተሩ የሚለየው ነገር ስለሌለው "በቅድመ ሁኔታ" ብሎ ያወጣዋል፣ ኮሳይነር የተጠየቃችሁት ለዛ ነው። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ፣ አገር ቤት አስራ ምናምን ዓመት ዕቁብ አንድም ቀን ሳያዛንፍ የከፈለ፣ ሱቅ በዱቤ ወስዶ በቀኑ የመለሰ ሰው እዚህ ሲመጣ እንዳልኖረ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንጥለው ዕቁብም ለማንም ሪፖርት አይደረግም፣ ቤት ኪራዩም ካላስመዘገብሽው ብዙ ጊዜ አይቆጠርም።

ለሱ ቀላሉ መንገድ አንቺ ካርድ ላይ ኦተራይዝድ ዩዘር (በካርድሽ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው) አድርጎ ማስገባት ነው። ካርድ ድርጅቱ የሱን መረጃ ለቢሮዎቹ የሚልክ ከሆነ (ደውለሽ ጠይቂያቸው) የካርድሽ ታሪክ በሱም ፋይል ላይ ይገባል። ግን ተጠንቀቂ፣ ጥሩው ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ያ 70 ፐርሰንትም አብሮ ይገባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ባላንሱን አውርጂ፣ ከዛ አስገቢው። ከዛ ጎን ለጎን የራሱን ሴኪዩርድ ካርድ ያውጣ፣ 200 ወይም 300 ዶላር አስይዞ፣ ስልኩን ብቻ እየከፈለበት። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ደሞ ኪራዩን ሪፖርት የሚያደርግ አገልግሎት አፓርትመንቱ ካለው ስሙን አስገቡበት፣ ፋይኮ 9ና ከዛ በኋላ የመጡት እንዲሁም ቫንቴጅ ኪራይን ይቆጥራሉ፣ ፋኒ ሜይ የሚባለው የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅትም ከ2021 መስከረም ጀምሮ የቤት ብድር ሲያይ በሰዓቱ የተከፈለ ኪራይን ከባንክ ስቴትመንት ላይ ማየት ጀምሯል፣ አንድ ቀን ቤት ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

"ኮሳይነር አምጡ" ያለው አፓርትመንት ወረቀት ሰጥቷችኋል? ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የ1970ው ሕግ አለ፣ ላንድሎርድ በሪፖርትሽ ምክንያት ከለከለሽ፣ ወይም ኮሳይነር ጠየቀሽ፣ ወይም ከሌላው ሰው የበለጠ ዲፖዚት ወይም ኪራይ ጠየቀሽ ማለት አድቨርስ አክሽን ነው፣ የመከልከል ያህል ይቆጠራል፣ ይሄን ያደረገ ሰው ደሞ ሪፖርቱን የሰጠውን ድርጅት ስምና አድራሻ ሊሰጥሽ ግዴታ አለበት፣ አንቺም በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት በነጻ የመጠየቅ መብት አለሽ። ጠይቂ። ኮሳይነር የሚሆንላችሁ ዘመድም ካለ እሱም በተራው ቼክ እንደሚደረግ፣ እናንተ ሳትከፍሉ ከቀራችሁም እዳው እሱ ላይ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ንገሩት፣ በዚህ ምክንያት ወንድማማች ሲኳረፍ ስላየሁ ነው።

"ኮሳይነር ከማምጣት ብዙ ዲፖዚት እናስይዝ" የሚለው የድሮ ዘዴ ሜሪላንድ ላይ ጠቧል። ከ2024 ኦክቶበር 1 ጀምሮ በአዲስ ሊዝ ላይ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ድሮ ሁለት ወር ነበር። ዲሲም አንድ ወር ነው። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ምናምን ካያችሁ እስከ ሁለት ወር ይፈቀዳል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ "ሦስት ወር ዲፖዚት አስይዙና ያለ ክሬዲት እሰጣችኋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የኛም ሰው ቢሆን፣ ሕጉን የማያውቅ ነው ወይ ደሞ ሌላ ነገር አለው። ከዛ ይልቅ የስራ ደብዳቤ፣ የሁለት ወር የደሞዝ ስሊፕ፣ የሲያትሉ አፓርትመንት "ኪራይ አዛንፈው አያውቁም" ብሎ የሚጽፍላችሁ ደብዳቤ፣ እነዚህን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ለማናጀሯ ስጡ። ብዙ ቦታ የሚፈልጉት ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው፣ ያንቺ ብቻውን ከሞላ ባለቤትሽን ሊዙ ላይ እንደ ኦኪዩፓንት (ሳይፈርም አብሮ የሚኖር ሰው) ብቻ ማስገባት ይቻል እንደሆነም ጠይቂ፣ የሚፈቅዱ አሉ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ፣ የስማችን ነገር። እኔ ራሴ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ አፓርትመንት ከለከለኝ፣ ምክንያቱን ስጠይቅ ሌላ ስቴት ውስጥ ከተከራየኸው ቤት ተባረሃል አሉኝ፣ እኔ እዛ ስቴት በእግሬም ረግጬ አላውቅም። ለካ የኔንና የአባቴን ስም የያዘ ሌላ ሰው አለ፣ የሱን ፍርድ ቤት መዝገብ አምጥተው እኔ ላይ ነው የለጠፉት። ሦስት ወር ፈጀብኝ ለማስጠራት፣ እስከዛ ጓደኛዬ ሳሎን ነበር የማድረው። ይሄ የኔ ብቻ አይደለም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ላስት ኔም የሚሆነው፣ ተስፋዬ ወይም ከበደ የሚባል አባት ያለው ሰው ስንቱ ነው? ከዛ ላይ ደሞ ኃይለ ማርያም ወይም ገብረ መድህን የሚባል ስም ፓስፖርት ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ግማሽ ሚድል ኔም ይሆናል፣ ባንክ ጋ ግን አንድ ላይ ተጽፏል፣ አንዱ ቦታ በአንድ ኤስ ሌላው ቦታ በሁለት ኤስ። የልደት ቀንም ከኛ ካላንደር ሲገለበጥ የተሳሳተበት አለ፣ በስደት ከመጡት ብዙዎቹ ደሞ ጃንዋሪ 1 ነው የተሰጣቸው። ስም ተመሳሳይ፣ ልደት ተመሳሳይ ሲሆን ፋይል ይደባለቃል። ይሄ ከቼክ አምስት ነጥብ ጋ የሚወዳደር አይደለም፣ የቤት በር ነው የሚዘጋው። በ2023 ኤፍቲሲና ሲኤፍፒቢ የሚባሉት የመንግስት መስሪያ ቤቶች ትራንስዩኒየንን የከሰሱበት አንዱ ጉዳይ የተከራይ ሪፖርቶቹ ላይ የመባረር መዝገቦች ትክክል መሆናቸውን በደንብ አላረጋገጠም ብለው ነበር፣ ለዛ ጉዳይ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ማለትም ትልቆቹም ይሳሳታሉ።

ደሞ አንድ ነገር ልብ በይ፣ የመባረር መዝገብ የተለመደው ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይገኝም፣ ከ2017 ወዲህ የፍርድ ቤት የገንዘብ ፍርዶች ከሦስቱ ቢሮዎች ሪፖርት ወጥተዋል። እነሱ የሚገኙት የተከራይ ስክሪኒንግ (ተከራይ የሚያጣሩ) ድርጅቶች በሚያወጡት ሪፖርት ላይ ነው። ስለዚህ "ክሬዲቴ ንጹህ ነው፣ ለምን ተከለከልኩ?" ለሚል ሰው መልሱ እዛኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ አድቨርስ አክሽን ደብዳቤውን ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስህተት ካገኘሽ ለሪፖርቱ ድርጅት በጽሁፍ ዲስፒዩት አድርጊ፣ ስህተት ነው አርሙልኝ ማለት ነው፣ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ሊመልስልሽ ግዴታው ነው። ሦስቱን የክሬዲት ሪፖርቶች ደሞ ዛሬውኑ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ አውጪ፣ በየሳምንቱ በነጻ ነው፣ ሶፍት ስለሆነ ስኮር አይነካም። እዛ ላይ ኢንኳየሪ (የተደረጉብሽ ቼኮች) የሚለው ክፍል ስር ሃርዱና ሶፍቱ ተለይተው ተጽፈዋል፣ አራቱን አፓርትመንቶች ፈልጊያቸው፣ በአፓርትመንቱ ስም ላይሆን ይችላል በስክሪኒንግ ድርጅቱ ስም ሊሆን ይችላል። ያልፈቀድሽው ሃርድ ካገኘሽ ዲስፒዩት አድርጊ። የፈቀድሽውን ግን ማንም ሊያስወጣልሽ አይችልም፣ "500 ዶላር ክፈዪኝና ኢንኳየሪዎችሽን አጠፋልሻለሁ" የሚሉ የክሬዲት ሪፔር ሰዎች በቴሌግራም ግሩፖቻችን ሞልተዋል፣ ስራውን ሳይጨርሱ አስቀድመው ብር መቀበል ራሱ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው።

ስለ አፕሊኬሽን ክፍያም ልበል፣ ምክንያቱም ቼኩ የሚጎዳሽ በነጥብ ሳይሆን በብር ነው። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው 100 ዶላር ቢሆን አራት ቦታ 400 ዶላር ነው፣ የሳምንት አስቤዛና ትርፍ። ቨርጂኒያ ክፍያው ከ50 ዶላር መብለጥ የለበትም፣ ለስክሪኒንግ ድርጅቱ በትክክል የወጣው ሲቀር። ኒውዮርክ ቢሆን 20 ዶላር ነው፣ እሱም 30 ቀን ያልሞላው የራስሽን ሪፖርት ካመጣሽ ጭራሽ አይከፈልም። ሜሪላንድ ደሞ ከ25 ዶላር በላይ ካስከፈሉሽ ለቼኩና ለአፕሊኬሽኑ በትክክል ያወጡትን ብቻ ነው ማስቀረት የሚችሉት፣ የቀረውን ቤቱ ሳይሆን ከቀረ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው፣ አንድ ቦታ ላይ 4ና ከዛ በታች ቤት ብቻ ያለው አከራይ ግን ይሄ አይመለከተውም። ያልሆኑትን አፓርትመንቶች ጻፊላቸው፣ "ያወጣችሁትን ዝርዝር ላኩልኝ" በያቸው። የሚመልሱ አሉ፣ እኔም ስንቴ በእጄ ቼክ ጽፌ ልኬያለሁ።

ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጋችሁ (ማንም ሪፖርታችሁን እንዳያወጣ አዘግታችሁ) ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት አንሱት። ፍሪዝ ከ2018 ጀምሮ በነጻ ነው፣ ኦንላይን ወይም በስልክ ስትጠይቂ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳል፣ ግን ረስተሽው ከቀረ አፓርትመንቱ ሪፖርት ማውጣት አይችልም፣ ክፍያሽም ይበላል። ከዛ ደሞ ቤቱን ሳታይ፣ ላንድሎርዱን ሳታገኚ፣ "መጀመሪያ በዚህ ሊንክ ክሬዲት ስኮርሽን አውጥተሽ ላኪልኝ" የሚል ሰው ካጋጠመሽ ሽሺ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርሽን ነው የሚፈልገው።

መኪናውን በተመለከተ፣ ሊዙን ከፈረማችሁ በኋላ ይሁን። የመኪና ቼኮቹ ራሳቸው አያስፈሩም፣ ዲለሩ ለአምስት ባንክ ቢልክም በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ ፋይኮ እንደ አንድ ነው የሚያየው። ግን ከሊዙ በፊት ከገዛችሁ ወርሃዊ የመኪና ክፍያው እዳችሁ ላይ ይጨመራል፣ አዲስ አካውንቱም የክሬዲትሽን አማካይ እድሜ ያወርደዋል፣ አፓርትመንቱ ያኔ ሲያይሽ ሌላ ሰው ነሽ። እንደገባችሁም ሶፋ ቤት ሄዳችሁ "ዛሬ ካርዳችንን ካወጣችሁ 15 ፐርሰንት ቅናሽ" ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ሰው ለአንድ የአፓርትመንት ቼክ እየተጨነቀ ቤት በገባ ወር የሶፋ ካርድ፣ የቲቪ ካርድ፣ የስልክ ኮንትራት አንድ ላይ ይከፍታል፣ እያንዳንዱ ሃርድ ቼክ ሊሆን ይችላል፣ ካርዶቹ ደሞ አዲስ አካውንት ናቸው፣ ያ ነው ስኮሩን በእውነት የሚያቆስለው።

የመጨረሻው የሲያትሉ ቤት ነው፣ እሱን ስላልጠቀስሽው ነው የማነሳው። ስትወጡ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን፣ ግድግዳውን፣ ቁልፍ ያስረከባችሁበትን ወረቀት አስፈርሙ፣ የሜሪላንድ አድራሻ ከሌላችሁ የዘመድ አድራሻ ስጧቸው፣ ፖስታ ቤትም አድራሻ መቀየሪያውን ሙሉ። ዋሽንግተን ስቴት ላይ አከራዩ በ30 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን ወይም የቆረጠበትን ዝርዝር መላክ አለበት፣ እሱ ወረቀት ግን ባዶ ቤት ሄዶ ከቀረ፣ የ180 ዶላር የውሃ ወይም የምንጣፍ ማጽጃ ሂሳብ አንቺ ሳታይው ኮሌክሽን (እዳ ሰብሳቢዎች ጋ) ይገባል፣ ክሬዲት ሪፖርትሽ ላይም 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ሊዚንግ ኦፊሱ "ሂሳባቸው ዜሮ ነው" የሚል ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) በኢሜይል እንዲልክላችሁ አድርጊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አፓርትመንቶችም መጀመሪያ የሚደውሉት እዛው ነው።